ኤክሰሱ የሾፌሩ ነው

ቲቸር አገኘሽ ከጎጃም ለሁለት ዓመት ብለው መጥተው አርባ ምንጭ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። ሴቻ ሰፈር ቤት ሠርተው፣ ልጆች ድረው፣ ጡረታ ወጡ። ቁጥር ላይ ቀልድ አያውቁም። እሳቸው ሙዝ ሲገዙ ነጋዴዋ ሚዛኗን ሁለት ጊዜ ነው የምታየው። እንግዲህ እኝህ ሴት ናቸው በአንዲት ተራ ሒሳብ ጉድ የሆኑት።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ከአርባ ምንጭ ጨንቻ የምትመላለስ ሚኒባስ ገዙ። ሾፌሩ ካሱ የጨንቻ ልጅ ነው፤ የቀድሞ ተማሪያቸው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ በሒሳብ ጥለውታል። አልተቀየመም፤ "ቲቸር ባይጥሉኝ መች ሾፌር እሆን ነበር?" እያለ ይስቃል።

ኢንሹራንስ ሊገቡ ሲሄዱ ሐሴት የምትባል ወጣት ሠራተኛ አስረዳቻቸው። መኪናዋ ብትጋጭ ከጥገናው ወጪ የመጀመሪያውን ባለመኪናው ይችላል፤ የቀረውን ድርጅቱ ይከፍላል። ያ ባለመኪናው የሚችለው ነው ኤክሰስ የሚባለው። ኤክሰሱ አምስት ሺህ ብር ይሁን ካሉ ዓመታዊው ክፍያ ይበዛል፤ ሠላሳ ሺህ ይሁን ካሉ ክፍያው በደንብ ይቀንሳል።

"ቲቸር፣ ችግር ቢመጣ ሠላሳ ሺህ ብር በአንድ ቀን ከኪስዎ ማውጣት ይችላሉ?" ስትል ጠየቀቻቸው።

"እኔ ምን ቤት ነኝ? ኤክሰሱ የሾፌሩ ነው!"

ውሸት አልተናገሩም። በመናኸሪያው ያጋጨ ይከፍላል፤ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ገንዘቡ ከእሳቸው ኪስ ካልወጣ ትልቁን መምረጥ ንጹህ ትርፍ ነው። እንዲያውም ካሱ የበለጠ ይጠነቀቃል ብለው ሠላሳ ሺውን መረጡ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ! ካሱ ሲነገረው አንገቱን አከክ አከክ አደረገና "እሺ ቲቸር" አለ። ሌላ ምን ይበል? እንጀራው ነው።

ሰባት ወር በደህና አለፈ። በስምንተኛው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካሱ ሸሚዙ ጭቃ እንደነካው ቤታቸው መጣ።

"ቲቸር፣ መኪናዋን አጋጨኋት። ጨንቻ ዳገት ላይ ነው። ትራፊክ መዝግቦታል፤ የተጎዳ ሰው የለም።"

"ተመስገን! አንተስ?"

"ደህና ነኝ። ኤክሰሱን አያስቡ፤ ላሚቱን ለገበያ አውጥቻታለሁ። የጎደለውን ወንድሜ ይሞላልኛል።"

አዘኑለት። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የላሚቱን ነገር ሲሰሙ ቀለል አላቸው። ካሱ ግን አልሄደም። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቁጭ አለ።

"ሌላ ነገር አለ እንዴ?"

"ቲቸር፣ ለትራፊኩ ያልነገርኩት አለ። ጉም ወርዶ ነበር። ጠመዝማዛው ላይ አንዲት እናት እንጨት ተሸክማ ድንገት ብቅ አለች። መሪውን ወደ ዳገቱ ጠምዝዤ መኪናዋን ከአፈሩ ማጋጨት ነበረብኝ። ጠመዘዝኩም። ግን ወዲያው አልጠመዘዝኩም።"

"ወዲያው አልጠመዘዝኩም ማለት?"

"ሠላሳ ሺው መጣብኝ። ዓይኔ ሴትዮዋን እያየ እኔ ላሚቱን አሰብኩ። ትሸሻለች ብዬ ክላክስ ነፋሁ። ያን ሁሉ ሸክም ይዛ ወዴት ትሸሽ? ከዚያ በኋላ ነው የጠመዘዝኩት። እንጨቷን ገጭቼ በተንኩት። ወድቃ ተነሣች፤ አልተጎዳችም።" ባርኔጣውን ጭምድድ አደረገ። "አተረፍከኝ ብላ እጄን ሳመችኝ፣ ቲቸር። መረቀችኝ።"

ካሱ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ። ቲቸር አገኘሽ ወይኔ አሉ በልባቸው። ሠላሳ ሺውን መሪው ላይ ያሰርኩበት እኔ አይደለሁም? ቢገድላት ኖሮ እኔስ አብሬው አልገደልኩም? ኢንሹራንስ በገቡ ሰሞን በክፍያው መቀነስ ምን ያህል ደስ ብሏቸው እንደነበር ትዝ ሲላቸው አፈሩ።

"ተነሥ" አሉት። "ላሚቱን ከገበያ መልሳት።"

ኤክሰሱን ራሳቸው ከፈሉ። እንዲህ በአንድ ቀን አልሞላላቸውም፤ የጡረታቸውን ጥሪት ጠራርገው፣ ጌጣቸውን ሸጠው ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። መኪናዋም ሦስቱን ሳምንት ጋራዥ ቆማ ጠበቀቻቸው።

ውሉ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ሐሴት ፎርሙን አቀረበችላቸው።

"እንደ አምናው ሠላሳ ሺህ ላድርገው ቲቸር?"

"አምስት ሺህ አድርጊው።"

"ዓመታዊው ክፍያ ይጨምርብዎታል።"

"ይጨምር። አምና የጠየቅሽኝን ዛሬ ልመልስልሽ፤ አምስት ሺህ በአንድ ቀን ማውጣት እችላለሁ። የምከፍለውም እኔ ነኝ።"

ካሱ ውጭ መኪናዋ ውስጥ እየጠበቃቸው ነበር። ገብተው ከጎኑ እንደተቀመጡ አንገቱን አከክ አከክ አደረገ።

"ኤክሰሱ ዘንድሮ ስንት ሆነ፣ ቲቸር?"

"አንተን አይመለከትህም" አሉት። "አንተ ሰው እያየህ ንዳ።"