ቤኒታና የሽርጤ ኪስ

ሲያትል በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ የነቢያት ጾም በተያዘ ሰሞን ነበር። ዝናቡ ከጀመረ ወር አልፎት፣ ቀኑ አሥር ሰዓት ሲል የሚጨልምበት ወቅት።

ይህን ነገር ለሰው አውርቼው አላውቅም። ለልጆቼም ቢሆን። ባለፈው ሐሙስ ግን ታላቋ ልጄ ሶልያና ከዩኒቨርሲቲ መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። ምስር እየለቀምኩ ነበር።

«ማም፣ ኢዝ ዚስ ዩ?»

ስልኩ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ነጭ ሽርጥ አድርጋ ማዕድ ቀርባለች። ፊቷ ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው ኮስተር ብሏል። አንድ እጇ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ኖ ዌይ! ፊልም ክላሳችን ላይ እኮ ነው ያሳዩን። ሁሉም ሰው በሳቅ ሞተ። ፕሮፌሰሯ ይህችን ቦታ ሦስት ጊዜ ፕሌይ አደረገቻት። ሶ… ፊልሙን የሠራችውን ቤኒታን ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ። አብስላ አብልታኛለች።»

ሶልያና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔም ምስሩን ገፋ አድርጌ ነገርኳት።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ሲያትል አጠገብ፣ ቱክዊላ በምትባል ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ አጥፍ ነበር። አብራኝ የምታጥፈው ሉዝ የምትባል ሜክሲኳዊት ናት፤ ዕድሜዋ ለእናትነት የሚደርስ። አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። ጫፍና ጫፍ ይዞ መራቅ፣ መቅረብ፣ እንደገና መራቅ። ቀኑን ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር ሲራራቁና ሲቀራረቡ ከዋሉ፣ ቋንቋ ባይኖርም መግባባት አይቀርም። እኔም እሷም እንግሊዝኛችን ስብርብር ያለ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሉዝ ምግቧን ወደ እኔ ትገፋለች። በጾም ቀን ወደ እሷ እመልሰዋለሁ። ጾም ነው ብዬ ግን ነግሬያት አላውቅም። ወንጌሉ ስትጾም ፊትህን ታጠብ፣ ለሰው እንደምትጾም አትታይ ይላል። እናቴም «ጾም በተወራ ቀን ያልቃል» ትል ነበር። ስለዚህ ዝም እላለሁ። ሉዝ ደግሞ ዳይት የያዝኩ መስሏት ትቆጣለች።

«ምን ቀረሽና ነው የምትከሺው? አጥንትሽን ልታከሺው ነው?»

ቤኒታ የሉዝ የአጎት ልጅ ናት። በአገሯ የማያውቃት የለም። ስምንት ዓመት በቴሌቪዥን ሰው ስታስቅ ኖራለች። የሚሰጧት ሥራ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ሰሐን ተሸክማ የምትወድቅ የቤት ሠራተኛ። በየሳምንቱ ትወድቃለች፣ አገር ይስቃል። እመቤቲቱን የምትጫወተው ሌላ ቀይ፣ መለሎ ሴት ናት። ቤኒታ አጭርና ጠይም ነበረች።

«አንድ ቀን ወድቃ ሳትነሣ ቀረች» አለችኝ ሉዝ የአንሶላውን ጫፍ እያቀበለችኝ። «የሞተች መሰላቸው። እሷ ግን መሬት ላይ እንደተኛች ‹ይህን የሚጽፈው ማን ነው?› ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። ተነሥታ ሄደች።»

ከዚያ ራሴ እጽፋለሁ፣ ራሴም እሠራለሁ ብላ፣ ያላትን ሸጣ አንዲት ትንሽ ቪዲዮ ካሜራ ገዛች። ኬንት በምትባለው ጎረቤት ከተማ ሉዝ ዘንድ መጥታ አረፈች። ልብስ አጥበው ስለሚያድሩ ሴቶች ፊልም ልትሠራ ነው። ለተዋናይ የምትከፍልበት አቅም ስላልነበራት እኛኑ ለመነችን። ሉዝም «አንቺ ምንም አትናገሪም፣ ቁጭ ማለት ብቻ ነው» አለችኝ። ቁጭ ማለት አያቅተኝም ብዬ እሺ አልኩ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ኬንት ውስጥ ያለ የአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ቤቱን ፈቀደላት። ከስምንት በኋላ ደንበኛ ይገባል። እሷም እሑድ ወደ አገሯ ትበራለች። ሌላ ቀን የለም።

ስንገባ መስተዋቱ ሁሉ በእንፋሎት ተሸፍኗል። በማጠቢያ ማሽኖቹ መካከል ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ድስት ተቀምጧል። ታማሌ ይሉታል። የበቆሎ ሊጥ ነው፤ መሐሉ ዶሮ በቀይ በርበሬ ገብቶበት፣ በራሱ በበቆሎው ሽፋን ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል። ሽታው በኮባ የተጋገረ ዳቦ አስታወሰኝ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

ቤኒታ ሁለት እጄን ይዛ ታሪኩን አስረዳችኝ፤ ሉዝ ታስተረጉማለች። የአንዲት ሠራተኛ የልደት ቀን ነው። ቤኒታ ቆማ እዚያ በሌለው አለቃ ላይ ረጅም ንግግር ታደርጋለች። እኔ አዲስ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰምቼ የማልሰማ፣ ከእህል በቀር ምንም የማይታየኝ።

«ሆዳም ነሽ ማለት ነው» አለች ሉዝ እየሳቀች። «ንግግሩ እስኪያልቅ ብዪ ብቻ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ በዝናብ ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጥቷል፣ ቤት ተለምኗል፣ ምግብ ተሠርቷል። እንዴት ብዬ አሁን አልችልም ልበል? የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ድንጋይ ቢጫነው «አይከብድም» የሚል ነው።

ቤኒታ ካሜራውን ከአንድ ማድረቂያ ማሽን ላይ አስቀምጣ ከፈተችውና ጠረጴዛው ዘንድ መጣች። መናገር ጀመረች። ሴቶቹ መብላት ጀመሩ። እኔ ሽፋኑን ፈታሁ። አፌ ድረስ አደረስኩት። ከዚያ «በስመ አብ» አልኩ በልቤና፣ እጄን ዝቅ አድርጌ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አላመጥኩም፤ አፌን ዘግቼ አገጬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

አንዱ አለፈ። ሁለተኛውም። ቤኒታ የሳህኔን መጉደል ስታይ፣ ንግግሯን ሳታቋርጥ ሌላ ጨመረችልኝ። እንደ መታደል ሆኖ ማስገደድ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው፤ ብዪ በሞቴ እንደምትለኝ ገባኝ። እኔም ወደ ኪስ። አምስት ሲሆን ኪሱ ሞላ። ቀዩ መረቅ ነጩን ሽርጥ ዘልቆ ወጣና እንደ ቁስል ይሰፋ ጀመር። በእጄ ሸፈንኩት። እጄ ቀላ። ከፊት ለፊቴ ያለችው ሉዝ አየችና አማተበች፤ የተወጋሁ ነው የመሰላት።

ቤኒታ ስድስተኛውን አመጣችልኝ።

ከጎኔ የአንድ ማድረቂያ ማሽን በር ክፍት ነበር። እኔ እንጃ ምን እንደነካኝ። ሳህኑን ከነታማሌው ቀስ አድርጌ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁና በሩን ዘጋሁት። ከዚያ ሁለት እጄን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤኒታ ንግግሯን አቋርጣ ወደ ማሽኑ ዞረች። ሴቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው በሳቅ ይንቀጠቀጣሉ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ቀኑን ያበላሸሁባት መሰለኝ። ተነሥቼ «ጾም ነው» አልኩ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም። ሥጋማ ጭራሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሉዝ አስተረጎመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ! ሁለት ዓመት ዳይት ነሽ እያልኩ ስቆጣሽ!» ብላ በሽርጧ ጫፍ መታችኝ።

ቤኒታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሰባት ተኩል ሆኗል። ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀርቷታል። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወለሉ ላይ፣ እግሬ ሥር ቁጭ አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጾም አይነገርም።»

ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ሉዝም ቃል በቃል አቀበለችኝ። «ስምንት ዓመት ስወድቅ ሰው የሚስቀው በእኔ ነበር። አንቺ ማንንም ለማሳቅ አልፈለግሽም። የምትጠብቂው ነገር ነበረሽ፤ በሙሉ ልብሽ ጠበቅሽው። እኔ የምፈልገው ሳቅ ይህ ነው። ሰው እየወደደሽ የሚስቀው።»

ቀጥላም ያላሰብኩትን አለች። «ግን ጾሙ ያንቺ ነው። እንዲታይ ካልፈለግሽ ካሴቱን አጠፋዋለሁ። ባለን ግማሽ ሰዓት ሌላ ነገር እንሠራለን። እስከ ነገ አስቢበት።»

በቀረው ጊዜ እኔ የሌለሁበት አንድ አጭር ነገር ቀረጹ። ጥሩ እንዳልሆነ ከፊቷ አየሁት። ካሴቱን ከካሜራው አውጥታ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ በላዩ ላይ ስሜን ጻፈችበት። ስምንት ዓመት የለፋችለት ነገር እጇ ላይ ነበር፤ ግን ያለ እኔ ቃል አልነካችውም። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

ቤቴ ገብቼ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በላሽ?»

«አልበላሁም አባ።»

«ዋሸሽ?»

«በአፌ አልዋሸሁም። በእጄ ግን ዋሽቻለሁ።»

በስልኩ ሲያስሉ ሰማኋቸው። ሲስቁ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። «እንግዲያው እጅሽም አብሮሽ ይስገድ። አርባ። ያበላሸሽው እህል ስንት ነው?»

«አምስት በኪሴ፣ አንድ በማድረቂያው።»

«ስድስት የተራበ ሰው አብዪ።»

«ፊልሙስ አባ? ሰው በጾም እንዲስቅ ላድርግ?»

«ፊልሙን አላየሁት ልጄ፤ እርስዎ ይወስኑልኝ አትበዪኝ። ሴትየዋን ያየሻት አንቺ ነሽ። ልታዋርድሽ ነው የፈለገች?»

«አይደለም።»

«እንኪያስ ታውቂያለሽ።»

ስልኩን ዘጋሁና ሰገድኩ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሶልያና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አልነካችውም። የቀረውን እሷ ነገረችኝ፤ ከትምህርት ቤት የሰማችውን። ቤኒታ ከዚያች ፊልም በኋላ ስንት እንደሠራች፣ ማንም ሚና የማይሰጣቸውን ሴቶች እመቤት አድርጋ እንዴት እንዳጫወተች፣ ዛሬ በአገሯ ወጣት ሴቶች ካሜራ ይዘው ሲነሡ ስሟን እንደሚጠሩ።

አንዳንዱን ሉዝ ነፍሷን ይማረውና ትነግረኝ ነበር። ከፊልሞቹም ያየኋቸው አሉ፤ ልጆቹ ተኝተው፣ ቋንቋውን ሳልሰማ። ቋንቋ የማያስፈልገውን አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። በቤኒታ ፊልም ውስጥ ሠራተኛ አትወድቅም። ሰሐን ይወድቃል፣ ባለጌው አለቃ ይወድቃል፣ አንድ ጊዜ ጣሪያ ወርዷል። ሰሐን ተሸካሚዋ ግን ቆማ ትቀራለች። ሰው ምን ያህል እንደተጎዳ ከሚናገረው አይታወቅም፤ በሌላው ላይ ከማያደርገው ነው የሚታወቀው።

እኔ በሕይወቴ ብዙ አልተናገርኩም። አንድም ቀን ሰው ላስቅ ብዬ አላሰብኩም። ግን እግዚአብሔር በዚያች የማላውቃት ሴት ዓይን አየኝ፤ ይሉኝታዬንም፣ ጾሜንም፣ ቀይ እጄንም ሳይንቅ። ተመስገን።

«ሶ ማም፣» አለች ሶልያና፣ «ስለ ካሴቱ ምን አልሻት? በማግስቱ ምን አደረግሽ?»

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ኬንት ሄድኩ። ሉዝ ተኝታ ነበር፤ በሩን የከፈተችልኝ ቤኒታ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነክቶታል። «አታጥፊው» አልኳት። በሊጥ እጇ አቀፈችኝ።

ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ከፍታ አሳየችኝ። ዶሮ የለበትም፣ ስብ የለበትም፤ በዘይት የተለወሰ፣ መሐሉ ቦሎቄ ነው። ለእኔ ብላ ሳይነጋ ተነሥታ ነው የሠራችው። ወደ ሰዓቱ ጠቁማ ዘጠኝ ሰዓት የሚሆንበትን በጣቷ አሳየችኝ፤ እስከዚያ ድረስ አብራኝ ልትጠብቅ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አልኳት። «ቅዳሜ አይጠበቅም።»

ስድስቱን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ላየኋቸው የተራቡ ሰዎች ለብቻ አስጠቀለልኩ። ከዚያ ተቀመጥኩና በላሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቀና ሳልል፣ ቤኒታ የምትለውን ሰምቼ ሳልሰማ፣ ልክ ትናንት እንደለመነችኝ አድርጌ። እሷ ፊት ለፊቴ ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ካሜራው መደርደሪያው ላይ፣ መክደኛው እንደተገጠመ ነበር።