የታጠበው ምልክት

ኢሳይያስ የሸኮ ጫካ ሰው ነው። ዛፍ ጫፍ ላይ ቀፎ መስቀልን ከአባቱ ተምሮ፣ ሌላው ቀና ብሎ ለማየት እንኳ አንገቱን የሚያመውን ዛፍ በገመድ ይወጣል። ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ ግንዱ ላይ በገጀራ ምልክት ይጭርበታል። ያን ምልክት ያየ ሰው ማሩ ቢያስጎመጀውም ዛፉን አይነካም። ባለቤት አለው።

በ2005 ዓ.ም. ቡአ ከዛፍ አወረደው። በቀኝ ብሽሽቱ ነው፤ ሲቆም ያብጣል፣ ሲተኛ ተመልሶ ይገባል፣ ገመድ ሲስብ ግን ዓይኑን ያጨልመዋል። ሚዛን ከተማ ሄዶ ሆስፒታል ተኛ። ዶክተር ይሄይስ፣ ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ቀዶ ሐኪም፣ አቁሞ ሳል እንዲስል አደረገውና እብጠቱ አጠገብ በሰማያዊ ቀለም ምልክት አደረገበት።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ አስካለች ገላውን ልታጥበው ውሃና ሳሙና ይዛ መጣች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዶክተሩ ነው የቀባኝ፤ ተይው።»

«አይቶ ቀባህ፣ በቃ አየው። ቀለም ተለቅልቀህ ሰው ፊት ልትተኛ ነው? ሸኮ ውሃ የለም እንዴ ይበሉን?»

ነገሯ እውነት መሰለው። ቆዳው እስኪቀላ ፈተገችው።

ቀዶ ጥገና ክፍል አስገብተው ከትልቁ መብራት ስር አስተኙት። ነርሷ ሲስተር ሰርካዲስ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ቆም አለች። እብጠቱ ገብቷል፤ ግራውም ቀኙም አንድ ዓይነት ነው።

«ዶክተር፣ ምልክቱ የለም።»

ማደንዘዣ ሊወጋው የነበረው ባለሙያ መርፌውን መልሶ አስቀመጠ። ዶክተር ይሄይስ ወደ ራስጌው ቀረበ።

«ጋሽ ኢሳይያስ፣ የሚያምዎት በየት በኩል ነው?»

«እርስዎ ያውቁታል፣ ዶክተር።»

«ከእርስዎ ልስማ።»

«እርስዎ እንዳሉት ይሁን።»

ማክበሩ ነበር። የተማረን ሰው በዚህ በኩል ነው፣ በዚያ በኩል ነው ማለት ብልግና ይመስለዋል።

«አባባ፣» አለች ሲስተር ሰርካዲስ፣ «እንዲህ እያከበሩን ጤነኛውን ጎን ቀድደን በሽተኛውን ይዘው ቤትዎ ይግቡ? ያኔ ዛፉን ማን ይወጣልዎታል?»

ኢሳይያስ ያን ጊዜ ደነገጠ። አንገቱን አንስቶ ዙሪያውን አየ። የሚሠራ እጅ የለም። ብረቱ ተደርድሮ፣ መብራቱ በርቶ፣ አፋቸውን የሸፈኑት ሰዎች ሁሉ እሱን ያያሉ። ይህ ሁሉ ዕውቀት የትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው አንዲት ቃል እስኪናገር ቆሟል። ከረጅሙ ዛፍ ጫፍ ሆኖ ጫካውን ቁልቁል ሲያይ የሚሰማው ዝምታ መጣበት። በጫካው ምልክት ያለበት ዛፍ አይነካም፤ እነዚህ ግን ምልክት ሳያዩ ገላ አይነኩም፤ ምልክቱን ያስፋቀው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው።

«አውርዱኝ፣» አለ። «ቆሜ ልሳል።»

ደግፈው አወረዱት። ሳለ። በቀኝ በኩል እብጠቱ ብቅ አለ፤ መዳፉን ጫነበት።

«ይኸው። ይሄኛው ነው። ምልክቱን ሚስቴ ናት ያጠበችው።»

ዶክተር ይሄይስ ከፊተኛው የሰፋ ምልክት አደረገና «ባለቤትዎ ውጭ ናቸው?» አለው።

«አዎ፣ ውጭ ናት።»

«ሰርካዲስ፣ በሩን ዝጊው።»

ኢሳይያስ እየሳቀ ተመልሶ ተኛ።

ወደ ቤቱ ሲገባ ቁስሉ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ከፋሻው ዳር ሰማያዊው ቀለም ይታይ ነበር። አስካለች እርጥብ ጨርቅ ይዛ ቀረበች። እጇን ያዛት።

«ተይው፣» አላት፤ «ባለቤት አለው።»