ቆማ የምትራመደው ልጅ

ባለጀርባዋና ኮቴ አንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተፋጠው ሲሠሩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ ተባብለው አያውቁም። ማስታወቂያ በአኒሜሽን በሚሠራ ትንሽ ቤት ውስጥ እሱ የተሣለውን ሰው ያስኬዳል፣ እሷ ከሰውየው ጀርባ ያለውን መንገድ ትሥላለች፤ ባለጀርባዋ መባሏም ለዚሁ ነው። ኮቴ ያሉት እግር አነሳስ ስለሚያውቅበት ነው፤ ያውቅበታል፣ አይካድም። ግን ሰው አንድ ነገር ስላወቀ የሌላውን ሙያ መናቅ አለበት?

ነገሩን የማያውቅ ሰው ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ የምትሄድ ይመስለዋል። አትሄድም። እዚያው ቆማ እግሯን ታወራጫለች፤ የሚሄደው ከጀርባዋ ያለው ረጅም ሥዕል ነው፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ባለጀርባዋ ይህን ሥዕል ሦስት አድርጋ ደራርባ ነው የምትሠራው፤ ቅርብ ያለው አጥርና ምሰሶ ይሮጣል፣ መሃል ያሉት ቤቶች ረጋ ይላሉ፣ የሩቁ ኮረብታ እያመነታ ይከተላል። ይህን ትምህርት ቤት አልተማረችውም። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በልጅነቷ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ምሰሶው ሲያመልጣት ኮረብታው ግን አብሯት ሲጓዝ እያየች ነው ያደገችው።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ኮቴ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ያንቺ ሥራ ግድግዳ መቀባት ነው። ልጅቷ ያለ አንቺም ትሄዳለች» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ «አንቺም አበዛሽው፣ ይቅር ብትይው ምን አለበት?» ስትላት፣ «እትዬ፣ አፉን ይቅር ብለው ዓይኑ አለ» ትላታለች። ዓይኑም እውነት ክፉ ነበር።

በዚህ መሃል አለቃቸው ሥራ ስለቀነሰ ከሁለት አንዳችሁን ነው የማስቀረው አለ። አንድ አገር አቋራጭ የአውቶቡስ ድርጅት ማስታወቂያ አዟል፤ ድርጅቱ ሥራውን የወደደለት ይቆያል፣ ሌላው ዕቃውን ይሰበስባል። ባለጀርባዋ ወር ሙሉ ጎብጣ የአንድ ደቂቃ መንገድ ሣለች። አንድ በር እንኳ አልደገመችም።

የማሳያው ቀን ጠዋት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ መጣች፤ ፊቷ በዋዛ የማይፈታ ሴትዮ ናት። ፊልሙ ተጀመረ። ልጅቷ ወደ መናኸሪያ ትራመዳለች። ቢጫ በር አለፈች። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ቢጫ በር መጣ። ከዚያ ደግሞ ያው ቢጫ በር፣ ደጃፉ ላይ ያው የተሰጣ ልብስ።

«ይቺ ልጅ መንገድ ጠፍቷት ነው እንዴ?» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ይሄን በር ሦስቴ አለፈችው እኮ!»

«የጀርባውን የሠራችው እሷ ናት» አለ ኮቴ ዓይኑን ሳያሽ። «ስንፍና ነው።»

የባለጀርባዋ ደም ፈላ። ሥዕሏን ቆርጦታል! ሩቡን ብቻ አስቀርቶ፣ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ እያዞረው ነው፤ ያውም ሳይነግራት። ተነስታ ማውሱን ያዘች።

«ስንፍናውን እንየዋ» አለችና የጀርባውን ሥዕል አጠፋችው። ልጅቷ ነጭ ሜዳ ላይ ብቻዋን ቀረች፤ እግሯን ታወራጫለች፣ አንድ ስንዝር ፈቅ አትልም። አለቃውን ሳቅ አመለጠው። ቀጥላ ከራሷ ኮምፒውተር ሙሉውን ሥዕል አምጥታ ተካችበት። ልጅቷ መንገድ አገኘች፣ አረማመዷም አማረ።

ኮቴ እዚህ ላይ አፉን ቢይዝ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ግን እልህ መች ያስችላል? ማውሱን ነጠቃት።

«ያለ ልጅቷስ? እስቲ እዩት፣ ባዶ መንገድ! ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ልጅቷን አጠፋት። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚባለው ለዚህ ነው።

ምሰሶው ሮጠ፣ ቤቶቹ አለፉ፣ ኮረብታው ተከተለ። የሥራ አስኪያጇ ፊት ቀስ በቀስ ተፈታ።

«ይሄ እኮ ከአውቶቡሳችን መስኮት የሚታየው ነው» አለች። «በቃ፣ ልጅቷን ተዉልኝ። እኛ የምንሸጠው መቀመጫ ነው፤ በእግሯ የምትኳትን ልጅ ምን ታደርግልናለች? መስኮት ብቻ ጨምሩበት።»

አለቃው ኮቴን ዘወር ብሎም አላየው።

ባለጀርባዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ልታዝንለት ይገባ ነበር የሚል ካለ እሱ ይዘንለት፤ እሷ አላዘነችም። ከሰዓት በኋላ ኮቴ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ሲከት ቆይቶ ቀና አለና፣ ከዚያ ስድብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አናገራት።

«ደስ አለሽ?»

«በጣም» አለችው። ልጅቷን በፍላሽ ገልብጣ ካርቶኑ ውስጥ ጣል አደረገችለት። «ያንተ ናት፣ ውሰዳት። ያለ እኔም ትሄዳለች ብለህ የለ? ትሂድልሃ!»