እኔና ልጄ ቢከን የመረጥንበት ቀን

ልጄ ለታንክስጊቪንግ በዓል እመጣለሁ ብላ ስትደውል ከቤት ከወጣች ሁለት ዓመት ተኩል አልፏት ነበር። የፋርማሲ ትምህርቷን አቋርጣ ዩታ ውስጥ ተራራ ላይ፣ ሰው በረዶ ላይ በሚንሸራተትበት የስኪ መዝናኛ ሥራ ስትይዝ የተናገርኳትን እዚህ አልደግመውም። ከዚያ በኋላ የምንነጋገረው በበዓል ቀን ብቻ ነበር፤ እሱም ጤና ተጠያይቀን፣ ስለ አየሩ ጥቂት ተባብለን ቻው ነው። ከእናቷ ጋር ከተለያየን ጀምሮ እኔ ጋ ያደገች ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ፀጉሯን እያበጠርኩ ያሳደግኋት ሰው፣ ስትደውል የምላት ይጠፋኝ ጀመር።

ሥራዬ ላስ ቬጋስ፣ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ነው። መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እገፋለሁ። ብርዱ ሲገባ ረጃጅም የስኪ ቦርሳ ያነገቱ ወጣቶች በአጠገቤ ያልፋሉ፤ የሁሉንም ፊት አያለሁ። አንድ ቀን እሷን ያየሁ መስሎኝ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ቀርቼ፣ የምገፋቸው አሮጊት ዞር ብለው "ምነው፣ ደህና ነህ?" ብለውኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በር ላይ ፓርክ አድርጋ ገባች። ከስታለች። ፊቷን ፀሐይ አጥቁሮት፣ በዓይኗ ዙሪያ የመነጽር ቅርጽ ቀርቷል። በላን፤ ብዙም አላወራንም። ቅዳሜ ጠዋት ግን የመኪና ቁልፏን ይዛ ሳሎኑ መሃል ቆመችና፣

"ዳዲ፣ አንድ ዕቃ ልገዛ ነው። አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አለችኝ።

ሃይስኩል ከጨረሰች ወዲህ አብረን እንሂድ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ሺፍት ነበረኝ። ባልደረባዬ ጋ ደውዬ ቀየርኩና ጫማዬን አጠለቅሁ። ምን እንደምትገዛ የጠየቅኋት መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው።

"ቢከን" አለች።

"ምን ያደርጋል?"

"ስኪ ስትሄድ፣ ከሪዞርቱ ውጪ፣ ማንም የሌለበት ተራራ ላይ፣ በረዶው አንዳንዴ ከላይ ይናዳል። ሰው ይቀብራል። ቢከኑን ከጃኬት ስር ደረትህ ላይ ታስረዋለህ፤ ሁልጊዜ ሲግናል ይልካል። ከተቀበርክ ጓደኞችህ የራሳቸውን ሰርች፣ ፍለጋ ላይ አድርገው ይፈልጉሃል። ቶሎ ካገኙህ ቆፍረው ያወጡሃል። እኔ ያለኝ ከሰው የገዛሁት ነው፤ አርጅቷል።"

"ቶሎ ካላገኙሽስ?"

ፍሬቻ አብርታ መስመር ቀየረች።

"እንግዲያው አትሂጂያ!" አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ፤ ድምፄም የዚያን ጊዜው ድምፅ ነበር።

"እሄዳለሁ፣ ዳዲ" አለች ቀስ ብላ። "የጠራሁህ እንድትከለክለኝ አይደለም። አብረኸኝ እንድትመርጥ ነው።"

ሱቁ ሰመርሊን ሰፈር ነው። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ አንድ እግሯን የምታነክስ ሻጭ ተቀበለችንና መዳፍ የሚያክሉ ሦስት ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልን። እኔ ቴሌቪዥን እንደሚገዛ ሰው፣ "ጠንካራው የትኛው ነው? ከሩቅ የሚሰማው?" አልኳት።

"ለማን ነው?" አለችኝ።

"ለልጄ።"

"እንግዲያው አንድ ነገር ይወቁ። እሷ ከተቀበረች የሚያገኛት አብሯት ያለው ሰው የያዘው ቢከን ነው። ዛሬ እሷ የምትመርጠው ደግሞ ያንን ሰው የምታገኝበትን ነው።"

ሴትዮዋ ወፍራም ጓንት አጥልቃልኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እያንዳንዱን ወደ ፍለጋ እንድቀይር አዘዘችኝ። የመጀመሪያው ብዙ ነገር የሚችል፣ ብዙ ቁልፍ ያለው ነበር፤ አንዱን ስነካ ሌላው ይጫናል። የሁለተኛው መቀየሪያ ትንሽ ስለሆነች ጭራሽ አጣኋት። ሦስተኛው ላይ ትልቅ ማንሸራተቻ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ጮኸ።

"ይሄን" አለች ልጄ ወዲያው።

"እኔ ስለቻልኩት?"

"ሰው ሲፈራ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቅላቱ አይሠራም። አንተ ምንም ሳታውቅ ከቻልከው፣ እኔም እንደዚያ በሆንኩ ቀን እችለዋለሁ።"

"አንቺንስ የሚፈልግሽ ማነው?"

የቢከኑን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። "አብሮኝ የሚሄድ ሰው አለ" አለች። "ሁለት ዓመት ሆነን።"

ሁለት ዓመት። ልጄ ነፍሷን አደራ የሰጠችው ሰው እንዳለ የሰማሁት ሱቅ ውስጥ፣ እጄ ላይ ጓንት አጥልቄ ነው። አልተቆጣሁም። ጓንቱን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ገዝታው ከወጣን በኋላ ወደ ምዕራብ፣ ቤቶቹ አልቀው በረሃው ወደሚጀምርበት ነዳች። በስተሰሜን የቻርልስተን ተራራ ጫፍ ነጭ ሆኗል፤ እኛ የቆምንበት አሸዋና ቁጥቋጦ ነው። አሮጌውን ቢከን በምሳ ሳጥን ከታ፣ እኔ ዞር ስል ቀበረችውና አዲሱን አስያዘችኝ።

"ቀስትና ቁጥር ታያለህ። ቁጥሩ ካነሰ እየቀረብክ ነው።"

እሷን አይቼ ቀበረችው ብዬ ወደገመትኩት ቁጥቋጦ በቀጥታ ስሄድ ቁጥሩ ጨመረ።

"እኔን አትይ ዳዲ፣ ቀስቱን ተከተል!"

ቀስቱ ደግሞ በቀጥታ አይመራም፤ እየጎበጠ ነው የሚያደርሰው። በመጨረሻ ተንበርክኬ አሸዋውን ስዝቅ ሳጥኑ እጄን ነካው። "በጣም ስሎው ነህ" አለችኝ እየሳቀች። እንደገና አልኳት። ሦስት ጊዜ ቀበረች፣ ሦስት ጊዜ አወጣሁ።

ለአራተኛው "መቶ ቁጠር" አለችኝ። ቆጥሬ ስዞር እሷ የለችም። መኪናው ቆሟል፤ ሰው ግን የለም። ጠራኋት፤ መልስ የለም። ጨዋታ መሆኑን ባውቅም፣ ቀስቱን እያየሁ ሮጥኩ፣ ተደናቀፍኩ፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ወረድኩ። ከዳርቻው ስር፣ ዓይኗን ጨፍና በጀርባዋ ተኝታለች፤ አሮጌው ቢከን ደረቷ ላይ ነው።

"አገኘኸኝ" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅሁና፣ "ያን ጊዜ የተናገርኩሽ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ፣ ዳዲ።"

"አታውቂም። በየእሁዱ ልደውልልሽ ስልክ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።"

ዓይኗን ገለጠች። "እኔም" አለች።

ልላት የሚገባኝ ብዙ ነገር ነበር። ያልኳት ግን "ተነሺ፣ አሸዋው ላይ ይበርድሻል" ነው።

በማግስቱ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስልኬ ላይ የማየው የላስ ቬጋስን ሳይሆን የእሷን ከተማ የአየር ሁኔታ ሆነ። በረዶ ይጥላል ሲል ደጋግሜ እከፍተዋለሁ። ከዚያ አገር የመጣ መንገደኛ ሲያጋጥመኝ "በረዶው እንዴት ነው?" እለዋለሁ፤ እሱ ያወራል፣ እኔ ወሬው ቶሎ እንዳያልቅ ዊልቸሩን ቀስ አድርጌ እገፋለሁ።

ጃንዋሪ ውስጥ፣ በዓልም ሳይሆን፣ ደወለች።

"ዛሬ ተመለስን" አለችኝ። "ግማሽ ወጥተን በረዶው ደስ አላለኝም፤ የሚናድ መሰለኝ። እሱ እንቀጥል አለ፣ እኔ እምቢ አልኩ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ሳንድዊች በላን። ልነግርህ ብዬ ነው።"

"ጎሽ" አልኩ። ቀጥዬም "እስቲ ልጁን አቅርቢልኝ" አልኳት።

በእንግሊዝኛ፣ እየፈራ ሰላም አለኝ። "እሷን ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሃል?" አልኩት። በየሳምንቱ እንደሚለማመዱ፣ ትናንትም እንደተለማመዱ፣ እሷ ከእሱ እንደምትፈጥን ነገረኝ። በጥያቄዬ አልሳቀም። ስላልሳቀ ወደድኩት።

"ለምን አትመጣም?" አለች ልጄ ስልኩን ተቀብላ።

ፌብርዋሪ መጨረሻ ላይ አራት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ስድስት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ወደ ተራራው ሲወጡ በር ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ዋልኩ። ሳህን አጠብኩ፣ ምስር ወጥ ሠራሁ፣ አልጋዋን አነጠፍኩ፣ እንደገና ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ቤቷ ውስጥ ሆኜ፣ ልብሷን እያጠፍኩ፣ ናፈቀችኝ።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል ደረጃው ላይ የከባድ ጫማ ኮቴ ሰማሁ። ጆሮዬን ጣል አድርጌ አዳመጥኩ፤ የሁለት ሰው ነው። ሄጄ በሩን ከፈትኩ።