ከመሸ ወይስ ሳይመሽ

ባለቤቴ ቢቸና ላይ የሒሳብ መምህር ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ለደብራችን ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር በስጦታ መጣ፤ የሚነካው ሰው ስለጠፋ እሱ ተቀምጦ አንድ ፕሮግራም ጻፈለት። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ይመጣል። ያረፈበት ቀን ይገባና ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ መቼ መቼ እንደሚውሉ በአንድ ወረቀት ታትሞ ይወጣል። ከዚያ በፊት በጣታችን እየቆጠርን፣ ጳጉሜን እየዘለልን፣ የስንቱን ሰው አርባ አዛብተናል።

ፕሮግራሙን ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ስልኬ በየሳምንቱ አድሺኝ እያለ ይነዘንዘኛል። ያ ግን ኢንተርኔት አያውቅ፣ ምንም አይጠይቅ። ስክሪኑ ተቃጥሎ ተቀየረ፤ የቁልፎቹ ፊደል ተፍቆ ጠፋ፤ እሱ እንደተጻፈ አለ።

ጽሕፈት ቤቱን የሚጠብቁት የኔታ በባለቤቴ ላይ ይቀልዱ ነበር።

«ይህ ተማሪህ ከእኔዎቹ በለጠ። አያንቀላፋም።»

«ቁራሽም አይለምን፣ የኔታ።»

«ኤዲያ! ያልለመነ ደግሞ ምን ይማራል!»

እኔ አንድ ቀን «አይበላሽም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሒሳቡን አባቶች ጨርሰውታል፤ እኔ ገልባጭ ነኝ። ያለቀ ነገር ምኑ ይታደሳል?» አለኝ።

ፕሮግራሙ ከቀኑ ሌላ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመሸ ወይስ ሳይመሽ? ከመሸ በኋላ ያረፈ ሰው ለማግሥቱ ስለሚቆጠር ነው። ይህን ካልመለሱለት ወረቀት አይሰጥም።

ባለቤቴ ሲታመም ሞጣ፣ ታላቅ እህቱ ዘንድ ሆኖ ሐኪም ቤት ገባ። ዐሥራ ሁለት ቀን ከአጠገቡ አልተለየሁም። በዐሥራ ሦስተኛው ልብስ ልቀይር፣ ቤቱን ልይ፣ በረደኝ ስላለም ወፍራም ሹራቡን ላምጣለት ብዬ ቢቸና መጣሁ። በማግሥቱ ስምንት ሰዓት ላይ እህቱ ደወሉ።

«ትንሽ ጠንከር ብሎበታል፤ ወደ ቤት አምጥተነዋል፤ ነይ።»

«እስቲ ድምፁን ያሰሙኝ፣ እትዬ።»

«ተኝቷል። አልቀሰቅሰውም።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሲወርድና ሲጫን ሹራቡን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንዳይነቃ፣ እኔ እስክደርስ እንዲተኛ እለምን ነበር። ሞጣ ስገባ መሽቶ ነበር። በራቸው ላይ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። እትዬ አቀፉኝ። «አሁን ነው፣ ከመሸ። ስምሽን እየጠራ» አሉኝ።

ቢቸና አምጥተን ቀበርነው። ከዚያ በኋላ በእግሬ ያቆመኝ ይህ ነበር፦ ለጥቂት ነው ያመለጠኝ፤ እስክመጣ ሲጠብቀኝ ነው የዋለው። ሌሊትም ቀንም ብቻዬን ስሆን ይህንኑ እይዝ ነበር።

ሣልስቱንና ሰባቱን ካህናቱ በቃል ቆጠሩልን። አርባውንም በዚያው ቆጠራ ለእንግዳ ተናግረን ነበር። ሲቃረብ ወረቀቱን ላወጣ ከእትዬ ጋር ጽሕፈት ቤት ሄድን። ቁልፎቹን ባለቤቴ ስላስተማረኝ ራሴ ተቀመጥሁ። ስሙን ጻፍሁ። ቀኑን ጻፍሁ። ጥያቄው መጣ። «ከመሸ» ልል ጣቴን ሳነሣ እትዬ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ። ሳይመሽ ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ነው ያረፈው። ስደውልልሽ ገንዘነዋል።»

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እና ተኝቷል ያሉኝ?»

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? መንገድ ላይ ምን ትሆኚ?»

«ከደረስኩ በኋላስ፣ እትዬ?»

«ከደረስሽ በኋላማ... ሹራቡን ታቅፈሽ ቆመሽ ምን ልበልሽ? ሣልስቱም ሰባቱም በእኔ ውሸት አንድ አንድ ቀን አለፉ። አርባውን ግን አልደፍርም። ጸሎቱ ያለ ቀኑ እንዲደርሰው አላደርግም።»

ሳልቆጣቸው ቀረሁ። እኔም ብሆን በስልክ አልናገርም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ።

«ስሜንስ ጠርቶ ነበር?»

«ጠዋት ጠርቶሻል። ይኼስ እውነቴን ነው።»

ፊታቸውን አየሁ፤ መለየት አልቻልሁም። ስክሪኑ ላይ ጥያቄው እንዳለ ነው። ከመሸ ብል ማንም አይከራከረኝም፤ ፕሮግራሙም ያልኩትን ተቀብሎ በትክክል ይቆጥርልኛል። ሳይመሽ ብል ግን ሚኒባሱን ስጠብቅ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ስለምን፣ እሱ እንዳልነበረ በገዛ እጄ መጻፌ ነው።

ሳይመሽ አልሁ።

ወረቀቱ ወጣ። አርባው ለሰው ከነገርነው በአንድ ቀን ቀደመ። እትዬ «እኔ ልዙርና ልናገር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። እምቢ አልኋቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዬን ቤት ለቤት ዞርሁ። ለምን ቀኑ ተለወጠ ለሚለኝ ሁሉ «በቀን ነው ያረፈው፤ እኔ ቢቸና ነበርሁ» እያልሁ ተናገርሁ።