የቀለሜ ሰማያዊ ጠርዝ

ልጄ በደብረ ማርቆስ ከቤቷ ጓሮ ሁለት ክፍሎች አሠርታ አንደኛውን ለእኔ ለአባቷ፣ አጠገቡ ያለውን ደግሞ ለአንድ ተከራይ የኬሚስትሪ መምህር ሰጠች። ሁለታችንም መምህር ስለምንባል፣ በር አንኳክቶ መምህርን የሚጠይቅ ሁሉ «የትኛውን?» ይባል ነበር። ይህች ጥያቄ ታንገበግበኝ ነበር። እኔ ብራና ዳምጬ፣ ብርዕ ቀርጬ፣ ቀለም በጥብጬ ዕድሜዬን የፈጀሁ ቁም ጸሐፊ ነኝ፤ ቅኔም አስተምሬአለሁ። እርሱ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ክረምት ያልሞላው፣ ፀጉሩን ከጎንና ከጎን ተላጭቶ መኻሉን እንደ ዶሮ ኩክኒ ያቆመ ልጅ ነው።

ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቹ የሚያስተምረውን ጮክ ብሎ ይለማመዳል። ዳዊቴን እየደገምሁ ሳልወድ እሰማዋለሁ። ቁስ ሁሉ ንጹሕ ወይም ድብልቅ ነው ይላል። አየር ድብልቅ፣ ወተት ድብልቅ፣ ጠላ ድብልቅ፣ ማር ድብልቅ። ንጹሕ የሚለው ስኳርንና የተነጠረ ውሃን ነው። ንጽሕና የምትባለውን ቃል አበው በስንት ጾምና በስንት ስግደት እንደፈለጓት እያሰብሁ፣ እርሱ ከሱቅ በፌስታል ተቋጥሮ ለመጣ ስኳር ሲያድላት በሰማሁ ጊዜ ዳዊቴን አጥፌ ተነሣሁ።

«አንተ ልጅ፣ አሁን የጠጣሁትን ወተት ርኩስ ነው አልኸው?»

«ርኩስስ አላልሁም የኔታ። ድብልቅ ነው ነው ያልሁት። ቅቤም፣ አይብም፣ ውሃም አለበት።»

«ይህን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስገቡህ? ወተት የናጠች ሴት ሁሉ የምታውቀውን?»

«አዎን የኔታ» አለኝ ሳቁን እየዋጠ፤ «እሷን ግን ዲግሪ ከለከሏት።»

ከዚያ ወዲያ ባየሁት ቁጥር አፍንጫዬን እነፋበት ነበር። ስለ መዋሐድና ስለ መቀላቀል ልዩነት ከእኛ ወገን በላይ የተጨነቀ የለም። ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ የሚለውን ቃል ገና በልጅነታችን ከአጥንታችን ጋር አዋሕደን የያዝን ሰዎች፣ ከዚህ ልጅ ምን እንማራለን?

በዚያው ወራት በእጄ የያዝሁት ሥራ ነበረ። በደብረ ኤልያስ አቅራቢያ ያለችው የተማርሁባት ደብር አሮጌ ገድሏን እርጥበትና አይጥ ስለጨረሱባት፣ ካህናቱ አዲስ በብራና እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ ለግንቦቱ ክብረ በዓል እንዲደርስላቸው ተማፀኑኝ። እኔም በጉባኤያቸው መካከል ቆሜ፣ ቀለሙ ጥላሸትና አሮ የተቆላ ገብስ፣ ማያያዣውም ሙጫ ብቻ እንደሚሆን ቃል ሰጠሁ። የሱቅ ቀለም በክረምት እርጥበት እንደሚፈስ፣ በካህን ላብ እንደሚለቅ፣ ጥላሸት ግን ጸሐፊውም አንባቢውም ካለፉ በኋላ እንደሚኖር ነገርኋቸው። በሱቅ ቀለም የሚጽፉትን የዘመኑን ጸሐፍትም በዚያው ሰደብሁ። ካህናቱ በጣም ደስ አላቸው።

ቀለሙ ታዲያ በማሰሮ ተከድኖ ወራት መሰንበት አለበት። ሥራው ከእኩሌታ ሲያልፍ የበሰለው ቀለሜ አለቀ፤ አዲሱም ገና አልደረሰም፤ ግንቦት ደግሞ ቀርቧል። የሆነውን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም ገዝቼ ባልበሰለው ላይ ገለበጥሁት። ቀኑን ሙሉ አማሰልሁት፣ ሦስት ቀን አሳደርሁት። በጣቴ ነክቼ ብርሃን ላይ ባየው ልዩነት አጣሁበት። ጥላሸቱ ውጦታል፣ አንድ ሆኗል፣ ማን ያውቃል ብዬ ደመደምሁ። ጻፍሁበትም። ጥቂት ሰንበትበት ብሎ በእውነት አንድ የሆነ መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህሩን በረንዳው ላይ ውሃ በብርጭቆ አቅርቦ፣ የማጣሪያ ወረቀት በጠባብ በጠባቡ እየቆረጠ አገኘሁት። በወረቀቱ ግርጌ የእስክሪብቶ ቀለም ነጥቦ ጫፉን ብቻ ውሃ ሲያስነካው፣ ውሃው ወደ ላይ ሲሳብ ጥቁሩ ቀለም ወደ ሐምራዊና ወደ ቢጫ ተከፋፈለ። ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ነው።

«አየህ፣ የሱቅ ነገር!» አልሁት። «ቆይ፣ ቀለም ምን እንደሆነ ላሳይህ።» ከቀለም ቀንዴ በብርዕ ጫፍ ጠብታ ወስጄ በገዛ እጄ ነጠብሁለት።

ጥቁሩ ካስቀመጥሁበት ንቅንቅ አላለም። ልናገር አፌን ስከፍት ግን ከጥቁሩ ራስ ላይ ሰማያዊ ጠርዝ ወጣ። ቀስ እያለ ወጣ፣ ሰፋ፣ ጥቁሩን ከታች ትቶት ሄደ።

«የኔታ፣ ይኼ እኮ...»

«ወረቀትህ ቆሻሻ ነው።»

ሌላ ወረቀት ቆረጠ። ያው ሆነ።

«ውሃህ ነው።»

ውሃውን ደፍቶ ሌላ ቀዳ። ያው ሆነ። ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ድብልቅ ነው የኔታ፤ ቢከርምም ሁሉም በየራሱ ነው ያለው» አለኝ። አላሾፈብኝም፤ ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም። ስንቀው የኖርሁትን የሱቅ ቀለም ጸሐፊ በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻዬን አገኘሁት፤ ከሁሉም የከፋ ነበረ። እነዚያ ቢያንስ በጥላሸት ጻፍን ብለው አልማሉም። ዕድሜ ልኬን መቀላቀልን ከመዋሐድ ስለይ ኖሬ፣ የገዛ ማሰሮዬ ላይ ስደርስ ማማሰሉ ዓይኔን አሳወረው። መጽሐፉ እንዲህ ሆኖ ከሄደ በመጀመሪያው ክረምት ይፈስሳል፤ ከመፋቅ በቀር መላ የለውም። ብራና በቢላ ተፍቆ ዳግመኛ ይጻፍበታል። ነገር ግን ጠርሙሱን የገለበጥሁት የትኛው ቅጠል ላይ ስደርስ እንደነበረ አላስታወስሁም፤ ዓይኔም አልለየው አለ።

በሦስተኛው ቀን ጥራዞቹን አቅፌ የመምህሩን በር አንኳኳሁ።

«የኔታ፣ ዛሬ ደግሞ ወተቱ ምን ሆነ?» አለና ፊቴን ባየ ጊዜ ሳቁን ተወው።

ሁሉን ነገርሁት። እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና አስታጥቤ ብራናውን አስነካሁት። ከመጨረሻው ቅጠል ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ፣ በየገጹ በአንዲት ነጥብ ላይ ረጠብ ያለ የወረቀት ጫፍ እያሳረፈ አነሣ። ሰማያዊ። ሰማያዊ። አሁንም ሰማያዊ። ሠላሳ አንድ ቅጠል እንዲህ ከቈጠረ በኋላ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ተነሣ።

«ከዚህ በፊት ያለው ደኅና ነው» አለኝ።

«ንጹሕ ነው በል እንጂ!»

«ንጹሕስ አይደለም የኔታ። ጥላሸት፣ ገብስ፣ ሙጫ አለበት። እሱም ድብልቅ ነው።»

«ዝም በል!» አልሁት። የሚያስተምርበትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ የናቅሁበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ዛሬም እንቀዋለሁ። አባቶቼ በሥርዓት ያዋሐዱትንም፣ እኔ በክሕደት የጨመርሁትንም በአንድ ስም ይጠራል። የወረቀቱን ቁራጭ ግን መናቅ አልቻልሁም።

ከበዓሉ ሳምንት ቀድሜ በአውቶቡስ ወደ ደብሯ ሄድሁና መጽሐፉ የማይደርስበትን ምክንያት ለአለቃው ነገርሁ። አለቃው ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«የኔታ፣ ይህን ማን አየብዎት? ያምጡት ግድ የለም። ሕዝቡ የሚሳለመው ሽፋኑን ነው።»

እንዴት ናቅሁት! ካህን ሆኖ፣ ጥምጥሙን አሳምሮ፣ ማን አየ ይለኛል። ልመልስለት አፌን ስከፍት ግን ቃሉ በማሰሮዬ አፍ ላይ ቆሜ የተናገርሁት የራሴ ቃል ነበረ። «እኔ አየሁት» ብዬው ተመለስሁ። በዓሉም በአሮጌው በተበላው ገድል ተከበረ።

የተቀላቀለውን ደፍቼ ሌላ በጠበጥሁ፤ በክረምቱም ሠላሳ አንዱን ቅጠል ፍቄ በበሰለው ቀለም እንደ ገና ጻፍሁ። መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሳልጠራው ይመጣል፤ እጁን ይታጠባል፤ ወረቀቱን ያረጥባል። የመጨረሻውን ቅጠል የነካ ዕለት ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዘው።

«ነጭ ነው፤ ቀለሙ አልሄደም የኔታ።»

«የት ይሄዳል!» አልሁት።