የግራው ጎማ የብሩክ፣ የቀኙ የእኔ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አላባማ ውስጥ፣ አሸዋ መሃል፣ አንዲት መኪና በአንድ ቦታ ስትዞር ሦስት ሽማግሌዎች ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። መኪናዋ የእኔና የባለቤቴ ወንድም የብሩክ ናት። ሽማግሌዎቹም የእኛው ናቸው... ከአትላንታ ይዘናቸው ነው የሄድነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔና ብሩክ አትላንታ አጠገብ ኬኔሶ ከሚኖር አንድ ፈረንጅ ላይ የአሸዋ መኪና በጋራ ገዛን። በር የላት፣ ጣራ የላት፣ ብረት ብቻ ናት፤ ሞተሯም ከኋላ ነው። ሁለታችንም አሸዋ ላይ ነድተን አናውቅም። እኔ ግን ተሳፋሪ በምጠብቅበት ሰዓት ሁሉ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ከርሜ በሁለት ወር ውስጥ የበረሃ ሊቅ ሆኛለሁ።

የኋላ ጎማዎቿ አርጅተው ስለነበር መቀየር ነበረባቸው። ጠቡ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ፓድል ይሁን አልኩ። ፓድል ማለት ዙሪያውን እንደ አካፋ የቆሙ ምላሶች ያሉት፣ አሸዋውን እየዛቀ ወደ ኋላ የሚወረውር ጎማ ነው። ቸርኬው ቀላል አሉሚኒየም እንዲሆን፣ ሞተሯ ትንሽ ስለሆነች ምላሱም እንዳይበዛባት... ሁሉንም አስረዳሁት።

«ብሮ፣ ይሄ እኮ የትራክተር ጎማ ነው» አለኝ ብሩክ። «ክሮም ቸርኬ እናድርግላት፣ ከስስ የአስፋልት ጎማ ጋር። ክላርክስተን አበሻው መሃል ይዘናት ስንገባ ሰው ይያት እንጂ!»

«የምትነዳው አሸዋ ላይ እኮ ነው!»

«አሸዋ ላይ ማን ያየናል?»

ነገር ነገርን ወለደ። እኔ «የታይታ ሰው» አልኩት፤ እሱ «እህቴን ስላገባህ አባቴ የሆንክ መሰለህ?» አለኝ። ከዚያ ስልኬን ማንሳት አቆመ። እሁድ ምሳውን እኛ ቤት ሳይበላ የማያልፍ ሰው ደጃችንን ረሳው። ባለቤቴ ሰናይት መጀመሪያ ሳቀችብን። በሦስተኛው ሳምንት ግን አለቀሰች።

«እዚህ አገር ያለኝ ወንድም አንድ ነው» አለችኝ። «በጎማ ነው የምታሳጣኝ?»

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ግን ደግሞ ልክ ነበርኩ... ልክ የሆነ ሰው እንዴት ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል? ስለዚህ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክኩበት።

የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አትላንታ ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ይባላል። እኔንና ብሩክን ፊት ለፊት አስቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ አደመጡን። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኋላ ጎማ ስንት ነው?»

«ሁለት» አልን።

«እናንተስ ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«በቃ! እግዜር ራሱ አካፍሏችኋል። የግራው ብሩክ እንዳለው ይሁን፣ የቀኙ አንተ እንዳልከው ይሁን። አሸናፊም የለ፣ ተሸናፊም የለ።»

አፌን ልከፍት ስል ሰናይት አየችኝ። ዘጋሁት። ብሩክ ተነስቶ አቀፈኝ፣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስመን ተመረቅን፣ ሰናይትም እልል አለች። አንደኛው ሽማግሌ «ይህን ቃል ያፈረሰ ጥቁር ውሻ ይውለድ!» ብለው አሰሩት።

በማግስቱ ፒችትሪ ኮርነርስ አንድ ጎማ ቤት ሄድን። ሪኪ የሚባለው ጎሚስታ ትዕዛዛችንን ሁለት ጊዜ አስደገመን።

«አንዱ ፓድል፣ አንዱ የአስፋልት? ያውም ሁለቱም ከኋላ?»

«የስ ሰር» አለ ብሩክ።

ሪኪ እንዳያስቀይመን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሃይማኖታችሁ ነው?» አለን።

«ሽማግሌዎች ናቸው» አልኩት። ይህንን በእንግሊዝኛ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። ሰውዬው ለሚደርሰው ነገር እንደማይጠየቅ የሚገልጽ ወረቀት አስፈርሞን ሥራውን ቀጠለ።

ቅዳሜ መኪናዋን ተጎታች ላይ ጭነን፣ ሰናይትንና ሽማግሌዎቹን ከነምሳቸው ይዘን አላባማ ገባን። ጋሽ መኩሪያ «የእርቃችንን ፍሬ ሳናይ አንቀርም» ብለው ነበር።

መሪውን ያዝኩ፣ ብሩክ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ነዳጅ ሰጠሁ። የእኔ ጎማ አሸዋውን እየዛቀ ገፋ። የብሩክ ጎማ እያብለጨለጨ በቦታው ተሽከረከረ። መኪናዋ ወደ ግራ ዞረች... ደግማ ዞረች... በሦስተኛው ዙር የግራው ጎማ እስከ ቸርኬው ተቀበረና ቀጥ አለች። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ትርኢት መስሏቸዋል።

ብሩክ ወርዶ አሸዋውን በእጁ ይዝቅ ጀመር። እኔም ከጎኑ ተንበረከክኩ። ላብና አሸዋ ፊቱ ላይ ተለጥፎ ቀና ብሎ አየኝ።

«ብሮ... ፓድሉ ልክ ነበር።»

ስንት ሳምንት የጠበቅኩት ቃል ነው! ሲመጣ ግን ያሰብኩትን ያህል አልጣፈጠኝም። «እኔም ስድቡን ማብዛት አልነበረብኝም» አልኩት። ከዚያ ሳቃችን መጣ፣ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እኔን ከጠየቃችሁኝ የታረቅነው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ላይ ሄደን ጋሽ መኩሪያ ፊት ቆምን። ሁለታችንም ተስማምተናል፣ የግራውንም ፓድል እናድርገው፣ ብቻ ቃሉን ይፍቱልን ብለን ለመንን።

ጋሽ መኩሪያ በእጃቸው የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

«ፍርዳችን ስህተት ነው ነው የምትሉን?»

«ኧረ በጭራሽ!» አልን ባንድ አፍ።

«ቅር የሚላችሁ ነገር ካለ ደንቡ የታወቀ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «ሽማግሌ ላኩብን።»

እናም ወገኖቼ፣ አትላንታና አካባቢዋ ያላችሁ... እኔንና ብሩክን ከሽማግሌዎቻችን ጋር የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች እንፈልጋለን። ስለ ጎማ የሚያውቅ ሰው ባይኖርበት ይመረጣል፤ የሚያውቅ ሰው ከሁሉም ጋር ይጣላል።